ሚኩኒ በር፤ አንድ ተራራ፣ ሁለት ገበያ

ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ የጉንማና የኒጋታ ክፍለ ሀገሮች በሚዋሰኑበት ሰንሰለታማ ተራራ ላይ ሚኩኒ የሚባል የተራራ በር አለ። ከበሩ ወዲያ፣ በኒጋታ በኩል፣ ናኤባ በተባለው የበረዶ ሸርተቴ መንደር አንድ አፓርትመንት በ100 ሺህ የን ለሽያጭ መቅረብ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ከበሩ ወዲህ፣ በጉንማ በኩል፣ ባልና ሚስት በጫካ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት አድረው ሒሳብ ሲዘጉ የሚከፍሉት ገንዘብ ከዚያ አፓርትመንት ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ነገሩ ለነጋዴ ጆሮ እንቆቅልሽ ይመስላል። ተራራው አንድ ነው። በረዶውም አንድ ነው። ፍል ውሃ በሁለቱም በኩል አለ። ከቶኪዮ ያላቸው ርቀትም ያን ያህል አይለያይም። ታዲያ በአንዱ በኩል ቤቱን ከነቁልፉ የሚረከብ ሰው ሲጠፋ፣ በሌላው በኩል ለአንድ ሌሊት ማደሪያ አስቀድሞ ወረፋ የሚያስይዘው ምንድን ነው? ይህን ለመመለስ ወደ ቦታው የሚወስደውን መንገድ መከተልና ገንዘቡ ከየት ወደየት እንደሄደ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሩና ኬላው

ሚኩኒ ማለት "ሦስት አገር" ማለት ነው። በበሩ ላይ ባለው ቤተ መቅደስ የኮዙኬ፣ የሺናኖና የኤቺጎ የተባሉት የሦስት ጥንታዊ ግዛቶች አማልክት በአንድነት ስለሚመለኩ ይህ ስም ወጣለት። በእኛ አገር ጣርማ በርን ወጥቶ የወረደ ሰው የቦታውን ጠባይ ለመገመት አይቸገርም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፣ ጉሙ ይወርዳል፣ በመጨረሻም መኪናው በዋሻ ገብቶ በሌላ አየር ውስጥ ብቅ ይላል። ልዩነቱ እዚህ ቁልቁለቱን የሚሸፍነው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ መሆኑና በክረምት የሚወርደው በረዶ ከሰው ቁመት በላይ መከመሩ ነው።

ይህ በር ኤዶ ትባል የነበረችውን የዛሬዋን ቶኪዮ ከጃፓን ባሕር ጠረፍ ጋር ከሚያገናኙት ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነበር። በ1631 ሳሩጋኪዮ ላይ ኬላ ቆመ፤ መሳፍንቱም፣ ነጋዴውም፣ መንገደኛውም እየተፈተሸ ያልፍ ነበር። ኬላ ባለበት ማደሪያ ቤት አይጠፋም፤ ማደሪያ ባለበትም የደከመ እግር የሚነከርበት ሙቅ ውሃ ዋጋ አለው። የአካባቢው የፍል ውሃ ንግድ መሠረቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ደጋግሞ ሸሸ። በ1931 የጆኤትሱ የባቡር መስመር 9.7 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሺሚዙ ዋሻ አልፎ ሁለቱን ወገኖች ሲያገናኝ፣ ሐዲዱ የተዘረጋው በሚኩኒ ሳይሆን ከዚያ በስተምሥራቅ ነበር። በ1982 ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን መጣ። በ1985 ደግሞ ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ያለው የካንኤትሱ ፈጣን አውራ ጎዳና ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። እያንዳንዱ አዲስ መንገድ መንገደኛውን ከአሮጌው በር እየነጠቀ ወሰደው። በእኛ ገበያ ቋንቋ ቦታው "ከመንገድ የወጣ" ሆነ ማለት ነው።

ዛሬ የሚሄድ እንግዳ ከቶኪዮ በሺንካንሰን ተሳፍሮ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ጆሞ ኮገን ጣቢያ ይወርዳል። ከዚያ በአውቶቡስ ሳሩጋኪዮ ይደርሳል። ሳሩጋኪዮም የራሱ ታሪክ አለው። በ1959 በተጠናቀቀው የአይማታ ግድብ ምክንያት የድሮዎቹ የፍል ውሃ ቦታዎች ሐይቅ ውጧቸው ማደሪያዎቹ ወደ ላይ ወጥተው እንደገና ተቋቁመዋል። ከሳሩጋኪዮ ሌላ አውቶቡስ ይያዝና በጫካው ውስጥ ወደ ጎን ተገንጥሎ የሚሄደውን ሸለቆ ይዞ ይወጣል። መንገዱ የሚያበቃው በአንድ ቤት ደጃፍ ነው። ቦታው ሆሺ ይባላል፤ ቤቱ ደግሞ ቾጁካን፣ ትርጉሙም "የረጅም ዕድሜ ቤት"።

ገንዳው ምንጩ ላይ ነው

ቾጁካን ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ዋናው ቤት የተሠራው በ1875 ነው። ትልቁ የመታጠቢያ አዳራሽ ደግሞ በ1895 ተጨመረ። ሁለቱም በመንግሥት የባህል ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሆሺ የሚለው ቃል መነኩሴ ማለት ሲሆን፣ ምንጩን ያገኘው ኮቦ ዳይሺ የተባለው ታላቁ የቡድሃ መምህር ነው የሚል አፈ ታሪክ አለ። በጃፓን በርካታ ፍል ውሃዎች ይህንኑ መምህር የራሳቸው አድርገው ስለሚተርኩ ወሬውን እንደ ወሬ መያዝ ይሻላል።

እንግዳው ጫማውን ደጃፍ ላይ ያወልቃል። ወለሉ መሐል በተቆፈረው ምድጃ ላይ ጀበና ከላይ ተንጠልጥሎ ይፈላል። ክፍሉ ውስጥ አልጋ የለም፤ የሣር ምንጣፍ በተነጠፈበት ወለል ላይ ማታ ፍራሽ ይዘረጋል። ዩካታ የሚባለውን ቀለል ያለ ካባ ለብሶ ወደ መታጠቢያው ይሄዳል።

አዳራሹ ትልልቅ የጥቁር እንጨት ወራጆች የተሸከሙት ነው። መስኮቶቹ ከላይ ቅስት አላቸው። ይህ ጃፓን አውሮፓን እየተመለከተች ትገነባ በነበረበት ዘመን የመጣ የአሠራር ፈሊጥ ነው። ገንዳዎቹ በግንድ ተከፋፍለዋል፤ ታጣቢው ጭንቅላቱን በግንዱ ላይ አሳርፎ ይጋደማል። ዋናው ቁም ነገር ግን ከእግር በታች ነው። የገንዳው ወለል ጠጠር ሲሆን፣ ውሃው የሚመጣው በቧንቧ ሳይሆን በዚያው በጠጠሩ መሐል ከመሬት እየፈለቀ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ይላል። ማሞቂያ አያስፈልገውም፣ ማቀዝቀዣም አያስፈልገውም፣ በፓምፕም አይሳብም። ከጠጠሩ ይወጣል፣ በገንዳው ያልፋል፣ ሞልቶ ይፈሳል።

ከዚህ ላይ ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ሆቴሎች ውሃውን ከምንጩ በቧንቧ አምጥተው በማጣሪያ እያዞሩ ደጋግመው ይጠቀሙበታል። ይህ ገንዳውን እንደ ልብ ለማስፋትና ለማብዛት ያስችላል። ገንዳውን በምንጩ አፍ ላይ የሠራ ሰው ግን ልኩን ምንጩ ይወስንለታል። መሬቱ በደቂቃ ከሚሰጠው በላይ መሸጥ አይችልም።

ወደ ገንዳው መግባት የራሱ ሥርዓት አለው። ሰውነት መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ በሳሙና ታጥቦ ይለቀለቃል። ወደ ገንዳው የሚገባው ንጹሕ ሰው ብቻ ነው፤ የዋና ልብስ አይለበስም፣ ፎጣም ወደ ውሃው አይገባም። በዚህ ቤት ወንድና ሴት በአንድ አዳራሽ የሚታጠቡበት የድሮ ልማድ እስካሁን አለ። ይህ ለማይመቻት ሴት በምሽት ለሴቶች ብቻ የተከለለ ሰዓት ተመድቧል፣ ሌሎች መታጠቢያዎችም አሉ። ሰውነቱን የተነቀሰ እንግዳ በጃፓን ብዙ ማደሪያዎች እንደማይቀበሉት ማወቅና አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ሪዮካን በሚባሉት የጃፓን ባህላዊ ማደሪያዎች ዋጋ የሚቆረጠው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው። ክፍያው እራትና ቁርስን ይጨምራል። እንደ ሆሺ ባሉ የገጠር ማደሪያዎች አንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ15 ሺህ እስከ 30 ሺህ የን ቢጠየቅ የተለመደ ነው። እንግዳ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ይገባል፣ በማግሥቱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይወጣል። ጉርሻ አይሰጥም።

የዚህ አሠራር ብልሃት በወጥ ቤቱ ላይ ይታያል። ባለቤቱ ማታ ስንት ሰው እንደሚበላ ጠዋት ያውቃል። የሚገዛው ለዚያው ያህል ነው። የወንዝ ዓሣው፣ የተራራ አትክልቱ፣ እንጉዳዩ በቁጥር ይገባል፣ በቁጥር ይወጣል። ብዙ ሆቴሎቻችን ምግብ ቤት ከፍተው ማን እንደሚመጣ ሳያውቁ የሚያባክኑት ወጪ እዚህ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ሥራው የሰው ጉልበት ይበላል። ፍራሽ የሚዘረጋ፣ ማዕድ የሚያቀርብ፣ ጫማ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። የጃፓን ገጠር ወጣት እያጣ በሄደ ቁጥር የሪዮካን ባለቤቶች ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ሆኗል።

በሒሳቡ ላይ አንዲት ትንሽ ግብር ትታከላለች። የመታጠቢያ ግብር ትባላለች፤ በአብዛኛው ቦታ በሰው በቀን 150 የን ናት። ገንዘቡ የሚሄደው ለአካባቢው መስተዳድር ሲሆን፣ ሕጉ የሚያዝዘውም ለምንጮች ጥበቃ፣ ለንጽሕና፣ ለእሳት መከላከያና ለቱሪዝም እንዲውል ነው። ውሃውን የተጠቀመው ሰው ለውሃው መጠበቂያ ይከፍላል ማለት ነው።

የባቡሩ ማስታወቂያ

ከመንገድ የወጣው ሆሺ በመላ ጃፓን የታወቀው በራሱ ማስታወቂያ አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከባድ ዕዳ ተውጦ የነበረው የጃፓን ብሔራዊ ባቡር ባዶ የሚሄዱትን የአንደኛ ማዕረግ መቀመጫዎች የሚሞላበት ዘዴ ይፈልግ ነበር። በ1981 "ፉል ሙን" ወይም "ሙሉ ጨረቃ" የሚል ትኬት አወጣ። ትኬቱን መግዛት የሚችሉት የሁለቱ ዕድሜ ተደምሮ 88 እና ከዚያ በላይ የሆነ ባልና ሚስት ነበሩ። የጫጉላ ጊዜ ለወጣቶች ከሆነ ሙሉ ጨረቃ ለጎልማሶች ይሁን ማለታቸው ነበር። በጃፓን 88 የረጅም ዕድሜ በዓል የሚከበርበት ቁጥር ስለሆነ ምርጫው ያለምክንያት አልተደረገም።

ለዚሁ ማስታወቂያ በ1930ዎቹ የፊልም ዝና የነበራቸው ተዋናይ ኬን ኡኤሃራና ተዋናይት ሚኤኮ ታካሚኔ በሆሺ ገንዳ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሡ። ምስሉ በጣቢያዎች ተለጠፈ፣ በቴሌቪዥን ታየ። ትኬቱ ባቡሩ በ1987 ወደ ግል ኩባንያዎች ከተከፋፈለ በኋላም ቀጥሎ ለ40 ዓመታት ያህል ሲሸጥ ቆይቶ በ2022 ቆሟል። ያ ሥዕል ግን ዛሬም ከሆሺ ስም ጋር ይነሣል።

እንዲህ ያለ የማስታወቂያ ሲሳይ የወረደለት ነጋዴ በተለመደው የንግድ ጠባይ ምን ያደርጋል? ባንክ ሄዶ ተበድሮ ባለ አሥር ፎቅ ይሠራል። በዚያው ዘመን በጃፓን ፍል ውሃ መንደሮች የተደረገውም በአብዛኛው ይኸው ነበር። ከቶኪዮ በስተሰሜን ኪኑጋዋ በተባለው የወንዝ ዳር መዝናኛ የኩባንያ ሠራተኞችን በአውቶቡስ እየጫኑ ለሚመጡ ቡድኖች የሚሆኑ ግዙፍ ሆቴሎች ተሰለፉ። የገንዘቡ አረፋ ሲፈነዳ ኩባንያዎች የሠራተኛ ጉዞ ተዉ፤ ብድሩ ግን አልቀረም። ለብዙዎቹ ያበደረው የአካባቢው አሺካጋ ባንክ በ2003 በመንግሥት እጅ ሲገባ ዕዳው ሁሉ ገሃድ ወጣ። ዛሬ በኪኑጋዋ ወንዝ ዳር መስኮታቸው የረገፈ ባዶ ሕንፃዎች ይታያሉ። ለማፍረስ የሚያስፈልገው ወጪ ከመሬቱ ዋጋ ስለሚበልጥ የሚነካቸው የለም።

ቾጁካን ክፍሎች ጨምሯል፣ ቤቱንም አድሷል። ነገር ግን ገንዳውን ከምንጩ አላነሣም፣ ጫካውንም በፎቅ አልሸፈነም።

ከበሩ ማዶ

አሁን ወደ ኒጋታው ወገን እንሻገር። ናኤባ የበረዶ ሸርተቴ የተከፈተው በ1961 ነው። ሺንካንሰንና አውራ ጎዳናው ሲመጡ ናኤባና ከእርሱ በታች ያለችው የዩዛዋ ከተማ ለቶኪዮ ወጣት የቅዳሜና እሑድ መዋያ ሆኑ። በ1987 መንግሥት የመዝናኛ አካባቢዎችን ልማት የሚያበረታታ ሕግ አወጣ። ባንኮች ገንዘብ እንደ ጉድ አበደሩ። የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ኒኬይ በ1989 መጨረሻ ከ38 ሺህ 900 በላይ ደረሰ። በዚያ ሰሞን በዩዛዋ ከተማ ክልል ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የመዝናኛ አፓርትመንቶች ተገነቡ። አብዛኞቹ ሕንፃዎች የጋራ ትልቅ የፍል ውሃ መታጠቢያ ነበራቸው። በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር የን ተሸጡ።

ገዥው የሚገዛው ለመዝናናት ብቻ አልነበረም፤ ነገ በላቀ ዋጋ እሸጠዋለሁ ብሎ ነበር። ደላላውም የሚናገረው ይህንኑ ነበር። የአክሲዮኑና የመሬቱ ዋጋ በ1990 እና በ1991 ወደቀ። የበረዶ ሸርተቴ ወዳጆች ቁጥር እስከ 1993 ድረስ ካደገ በኋላ ዓመት ከዓመት እየቀነሰ ከሢሶው በታች ደረሰ። ኒኬይ ያንን የ1989 ከፍታ እንደገና ያየው በየካቲት 2024 ነው።

እዚህ ላይ ያለው ትምህርት በዋጋው መውደቅ ብቻ አያበቃም። 100 ሺህ የን ከአንድ ጥሩ የእጅ ስልክ ዋጋ ያንሳል። በዚህ ዋጋ ቤት የሚሸጥ ሰው ከቤቱ ትርፍ አይጠብቅም፤ ከዕዳው መገላገል ነው የሚፈልገው። አፓርትመንቱ ሰው ኖረበትም አልኖረበትም በየወሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የን ለአሳንሰር፣ ለበረዶ ጠረጋ፣ ለጋራው መታጠቢያ ማሞቂያና ለጥበቃ ይጠየቅበታል። የመሬትና የቤት ግብርም አለ። በጃፓን ሕግ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለው የጋራ ወጪ ካለ አዲሱ ገዥ ይጠየቅበታል። ስለዚህ በ100 ሺህ የን የገዛ ሰው ቤቱን ብቻ ሳይሆን የወር ክፍያውንም ወርሷል። ልጆች ከአባታቸው ሞት በኋላ እንዲህ ያለውን ውርስ ለማን እንስጠው እያሉ የሚጨነቁበት አገር ሆኗል።

ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ግን አይገባም። በዩዛዋ ከተማ ከሺንካንሰን ጣቢያ በእግር የሚደረስባቸው ሕንፃዎች ዋጋቸው ከናኤባዎቹ ይሻላል። ከ2020 በኋላም ቤታቸው ሆነው ለቶኪዮ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች እየፈለጓቸው መጥተዋል። በናኤባም ከ1999 ጀምሮ በየበጋው የሚደረገው የፉጂ ሮክ የሙዚቃ በዓል ለጥቂት ቀናት አካባቢውን ያጥለቀልቀዋል። ጥቂት ቀናት ግን የዓመቱን ወጪ አይሸፍኑም።

ያልተሠራው የበረዶ ሸርተቴ

በዚያ የገንዘብ ሰሞን የጉንማው ወገንም ከዘመቻው ውጭ አልነበረም። ከሆሺ በላይ ባለው የመንግሥት ጫካ ውስጥ ትልቅ የበረዶ ሸርተቴ እንዲሠራ ዕቅድ ወጣ። በዚያው ተፋሰስ ላይ ደግሞ የግድብ ዕቅድ ነበር። ሥራ ይመጣል፣ መሬት ይወደዳል፣ እንግዳ ይጎርፋል ተባለ። በገንዘብ ዓይን ሲታይ እምቢ የሚል ሰው ሞኝ የሚመስልበት ጊዜ ነበር።

እምቢ ያሉት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ክርክራቸው የገበያ ክርክር ጭምር ነበር። የሚጠጡት ውሃ ከዚያ ጫካ ይመጣል። ፍል ውሃም ቢሆን ከሰማይ የወረደ ዝናብና በረዶ ወደ መሬት ሰርጎ፣ ረጅም ጊዜ ከርሞ፣ ሞቆ የሚመለስ ነው። ከላይ ያለው ተራራ ተመንጥሮ ጎዳና ቢወጣበት ከታች ያለው ጠጠር ነገ ምን እንደሚያፈልቅ ማንም ዋስ አይሆንም። ከዚህ ሌላ በጫካው ውስጥ በጃፓን ቁጥሩ እጅግ ያነሰው ወርቃማ ንስር እንደሚኖር ተረጋገጠ። የጃፓን ተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከነዋሪዎቹ ጋር ቆመ። ክርክሩ አሥር ዓመት ያህል ወሰደ። እስከዚያው የሸርተቴው ገበያ ራሱ ቀዘቀዘ። በ2000 ሁለቱም ዕቅዶች ተሰረዙ።

በ2004 የደን መሥሪያ ቤቱ፣ ማኅበሩና የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ላይ ሆነው አካያ የተባለውን 10 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን ጫካ በጋራ የሚጠብቁበት ውል አደረጉ። በጫካው ውስጥ ቀደም ሲል ለጣውላ የተተከለውን ጽድ ቀስ በቀስ ወደ ጥንቱ ቅጠል አርጋፊ ደን የመመለስ ሥራ ጀመሩ። በ2015 ንስሩ የሚያድንበት ገላጣ ቦታ እንዲያገኝ ጥቂት የጽድ ተክል ተቆርጦለታል።

ያ ሸርተቴ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሆሺ ከናኤባ በምን ይለይ ነበር? የሚሸጠው ጸጥታ አይኖረውም። ምናልባት ውሃውም አይኖረውም። በእምቢታው ጊዜ የቀረ ገንዘብ የመሰለው ነገር በኋላ የቤቱ ዋና ወረት ሆኖ ተገኘ።

ስምም እንደ ውሃ ነው

በ1975፣ የጃፓን ሆቴሎች ሁሉ ለትልልቅ ቡድኖች በሚሽቀዳደሙበት ጊዜ፣ 33 ትንንሽ የተራራ ማደሪያዎች ሩቅና የተሸሸጉ ፍል ውሃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ። ቾጁካንም የዚህ ማኅበር አባል ነው። አባል ቤቶች በደጃፋቸው የማኅበሩን ፋኖስ ይሰቅላሉ። ለደንበኞቻቸው ያወጡት ዘዴ ቀላል ነበር። እንግዳው ደብተር ይዞ ባደረበት ቤት ሁሉ ማኅተም ያስመታል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥር ማኅተም ካገኘ ካደረባቸው በአንዱ አንድ ሌሊት በነጻ ያድራል። እያንዳንዱ ቤት የሌላውን ቤት ደንበኛ ያመጣል። ለብቻው ማስታወቂያ ለማውጣት አቅም የሌለው ነጋዴ ከተፎካካሪው ጋር ደንበኛ የሚዋዋስበት ዘዴ ነው።

ስም ግን በአንድ ቀን ይፈሳል። በ2004 በናጋኖ ክፍለ ሀገር ሺራሆኔ የተባለው በነጭ ውሃው የታወቀ የፍል ውሃ መንደር ውሃውን የሚያነጣ ዱቄት ሲጨምርበት እንደነበር ተጋለጠ። ተከትሎም በጉንማ ኢካሆ አንዳንድ ቤቶች ተራ ውሃ እያሞቁ ሲያቀርቡ እንደነበር ታወቀ። አገሩ ታመሰ። የጃፓን የፍል ውሃ ሕግ በ1948 የወጣ ሲሆን፣ ፍል ውሃ ለመባል ከምንጩ 25 ዲግሪ ሙቀት ወይም ከተዘረዘሩት 19 ንጥረ ነገሮች አንዱን በመጠኑ መያዝ ይበቃዋል። ጉድጓድ ለመቆፈርም የክፍለ ሀገሩን ገዥ ፈቃድ ይጠይቃል። ሕጉ ግን ምንጩን እንጂ ገንዳውን አይናገርም ነበር። በ2005 ደንቡ ተሻሻለና ማንኛውም ቤት ውሃ ጨምሮ፣ አሙቆ፣ እያዞረ ወይም መድኃኒት አክሎ የሚጠቀም ከሆነ ይህንኑ ከነምክንያቱ ለጥፎ እንዲያሳይ ግዴታ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ከምንጩ በቀጥታ የሚፈስ" የሚለው ቃል የገበያ ዋጋ አገኘ። ደንበኛ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ለመደ። ከ100 ዓመት በፊት ገንዳውን በምንጩ ላይ የሠራ ቤት ምንም ሳይጨምር ሸቀጡ ተወደደለት።

ለእኛ ባለሀብት

ትንሽ መሆን ብቻውን ያድናል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። በ1980 ገደማ በጃፓን ከ80 ሺህ በላይ ሪዮካኖች ነበሩ፤ በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ40 ሺህ በታች ወርደዋል። ከተዘጉት ብዙዎቹ ትንንሽ የቤተሰብ ቤቶች ናቸው። ወራሽ ጠፋ፣ ሠራተኛ ጠፋ፣ ጣሪያው አፈሰሰ። ሆሺን ከእነዚያ የለየው በማንም እጅ የማይባዛ ነገር መያዙ ነው። ናኤባ ላይ የተሸጠው አፓርትመንት ግን ሲሚንቶና ብድር እስካለ ድረስ በሌላ ቁልቁለት ላይ ሊደገም የሚችል ነበር፤ ተደገመም። ብዙ ሲሆን ረከሰ።

ዋና ከተማችን አዲስ አበባ በፍል ውሃ ምክንያት የተቆረቆረች ናት። ሶደሬና ወንዶ ገነትን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። በስምጥ ሸለቆው ዙሪያ ፍል ውሃ ያለበትን መሬት የሚያማትሩ ባለሀብቶችም ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ ከሚኩኒ የሚገኘው ጥቅም ጃፓንን መኮረጅ ሳይሆን ደላላው ፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ማወቅ ነው። ምንጩ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል? በበጋስ? ከላይ ያለው ደን የማን ነው፣ ነገስ ምን ሊሠራበት ታስቧል? ጎረቤቱ ጉድጓድ ቢቆፍር የሚከለክለው ማን ነው? ሕንፃው ባዶ በሚውልበት ወር ወጪው ስንት ነው?

መሬቱን ለማየት ሲሄዱ የሚታየው ሜዳውና ከመንገዱ ያለው ርቀት ነው። ዋጋውም የሚቆረጠው በካሬ ሜትር ነው። በሆሺ ግን እንግዳ ተሳፍሮ፣ አውቶቡስ ለውጦ፣ መንገዱ እስኪያልቅ ተጉዞ የሚከፍለው ለካሬ ሜትሩ አይደለም። በጠጠሩ መሐል እየፈለቀ ለሚወጣው ውሃና ከበላዩ ላልተቆረጠው ጫካ ነው።